በክረምት መግቢያ የኩሬና የግድብ ዳርቻ የዱር እንስሳትን መመልከት

በአገራችን አእዋፍን ለመመልከት ወደ ውሃ ዳር የሚጓዙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡት ከኅዳር እስከ ጥር ያሉትን ወራት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በእነዚህ ወራት የአውሮፓንና የእስያን ቅዝቃዜ ሸሽተው የመጡ ዳክዬዎችና ሌሎች ስደተኛ አእዋፍ ውሃውን ይሞሉታል፤ ሰማዩም የጠራ ነው። ሰኔ ሲገባ ግን እንግዶቹ ወደመጡበት ተመልሰዋል፤ የውሃው ገጽ ጭር ይላል። በዚህ ወቅት ኩሬ ዳር የደረሰ ተመልካች የሚታይ ነገር የለም ብሎ ቢመለስ አይፈረድበትም። ይሁንና የሰኔ ሕይወት የሚገኘው በውሃው መካከል ሳይሆን በዳርቻው፣ በእርጥቡ ሣር፣ በቄጠማውና በፊላው ውስጥ ነው። ከቋሚ ነዋሪዎቹ መካከል በርካቶቹ የሚራቡት ዝናቡን ተከትለው በዚሁ ጠባብ ዳርቻ ላይ ነው።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ ቅርብ የሆነው ምሳሌ በአምቦ መንገድ የሚገኘው የገፈርሳ ግድብ ነው። ባለ ሰማያዊ ክንፏ ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በቀር በዓለም በየትም ስፍራ በተፈጥሮ አትገኝም። ቆማ ስትታይ ግራጫና ቡናማ ናት፤ ስሟን ያገኘችበት ፈዛዛ ሰማያዊ ቀለም በግልጽ የሚታየው ክንፏን ስትዘረጋ ነው። አንገቷን ወደኋላ አጥፋ ራሷን በጀርባዋ ላይ አሳርፋ መቆሟም ከሩቅ ለመለየት ያስችላል። በበጋ በመንጋ ትታያለች፤ ዝናብ ሲጀምር ግን ጥንድ ጥንድ እየሆነች ትበታተናለች፤ ጎጆዋንም በመሬት ላይ፣ በሣር ውስጥ ትሠራለች። በመሆኑም በሰኔ በአንድ ስፍራ ሁለት ዝዮች ብቻ መታየታቸው የቁጥር ማነስ ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

በቄጠማው መካከል ጭራዋን ብድግ ዝቅ እያደረገች የምትመላለሰው ቀላ ያለች ቡናማ ወፍ ሩዤ ሬል ትባላለች፤ የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። ከጭራዋ ሥር ያለው ነጭ ላባ ብልጭ ሲል ማየት ለተመልካች ትልቅ ደስታ ነው። እርሷም በቄጠማ ውስጥ ትፈለፍላለች።

ምሽት ላይ ተራው የእንቁራሪቶች ነው። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጥልቀት የሌላቸውን ጉድጓዶች እንደሞሉ ወንዶቹ ሴቶቹን ለመጥራት ይጮኻሉ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም እንደ ሙጫ በሚያሳልፍ ነገር የተሸፈነ እንቁላል በውሃው ዳር ይታያል። በደጋው ሣር ውስጥ ደግሞ ከመሬት ጉድጓድ ሆነው የሚጮኹ የእንቁራሪት ዝርያዎች አሉ፤ ድምፃቸው ከእግር ሥር እየተሰማ አካላቸውን ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው። የቄጠማ አገዳ ላይ ተጣብቆ የቀረ ደረቅ ቅርፊት ያገኘ ሰው ደግሞ በውሃ ውስጥ ያደገ የውሃ ተርብ ልብሱን ጥሎ መብረሩን ይረዳል።

የዳርቻው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ይበልጥ የሚያሳየው በዚያው የአምቦ መስመር በአዲስ ዓለም ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የበርጋ ውሃ አዘል መሬት ነው። ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጠው ባለ ነጭ ክንፍ የረግረግ ወፍ በዚህ ሜዳ እንደምትራባ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮም በዓለም አቀፍ ደረጃ በከፍተኛ ሁኔታ ለመጥፋት ከተቃረቡ ዝርያዎች ተመድባለች። ወፏ የምትመጣው ሣሩ ከፍ ብሎ ውሃው ሲተኛበት፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ሣሩ በሰኔ በከብት ከተጋጠና ከተረገጠ ጎጆዋን የምትሸሽግበት አይኖራትም። ጉዳዩ ሣሩ ለከብቱ ብቸኛ መኖ ለሆነበት ገበሬ ቀላል አይደለም፤ በበርጋ የአካባቢው ነዋሪዎች ራሳቸው የጥበቃ ማኅበር አቋቁመው መንቀሳቀሳቸውም ሊመሰገን የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ተመልካቹ የሚጠበቅበት አብዛኛው ነገር ከመታገሥ አያልፍም። ዝናቡ በብዛት ከሰዓት በኋላ ስለሚጥል ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ባይኖክላር ካለ በደረቁ መሬት ላይ በአንድ ቦታ ተቀምጦ መጠበቅ በዳርቻው ከመመላለስ ይልቅ ብዙ ያሳያል። ወደ ረጅሙ ሣር መግባት፣ ውሻ ይዞ መሄድ፣ ወፎቹ እንዲበሩ ድንጋይ መወርወርና ጎጆን በስልክ ለማንሳት መጠጋት በዚህ ወቅት ጉዳታቸው ከፍተኛ ነው፤ እናት ወፍ ከእንቁላሏ በራቀች ቁጥር ብርዱና ቁራው ይቀድሟታል። አንዲት ወፍ በሰው ዙሪያ እየበረረች ደጋግማ ከጮኸች ጎጆዋ ቅርብ ስለሆነ በመጡበት መንገድ መመለስ ይገባል። ለበዓልና ለቡና ቄጠማ የሚያጭዱ ወገኖችም ከውሃው የሚዋሰነውን ክፍል እስከ መስከረም ሳይነኩ ቢያቆዩት ጎጆዎቹ ይተርፋሉ። ገፈርሳ ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ የሚያቀርብ ግድብ በመሆኑ ጎብኚዎች ከመግባታቸው በፊት የጥበቃ ሠራተኞችን ማስፈቀድ ይኖርባቸዋል።