ጨዋ ማን ነው?

እዚህ አካላ በተደረገው የወላጆች ስብሰባ ላይ የልጄ አስተማሪ «ስኔል ናት» አለችኝ። ስዊድኖች በዚህ ቃል ደግና ሰው የማያስቀይም ማለታቸው ነው። ማታ እናቴ ስትደውል «ጨዋ ናት አሉ» ብዬ ተረጎምኩላት፤ በደስታ እልል አለች። ልጄ ግን ሰምታን ኖሮ «አባዬ፣ ጨዋ ምን ማለት ነው?» ብላ ያዘችኝ። ውድ አንባብያን፣ መልሱ እንዳሰብኩት ቀላል አልሆነም።

እንደሚታወቀው ዛሬ ጨዋ የምንለው ትሑቱን፣ ታላቁን አክባሪውን ሰው ነው። ትግርኛ ተናጋሪ ወገኖቻችንም በዚሁ ትርጉም ይጠቀሙበታል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ግን ጨዋ የሚባለው በየግዛቱ የሚሰፍረው የንጉሡ ወታደር ነበር።

በቤተ ክህነት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የቅኔ ተማሪ አንዱን «እሱማ ጨዋ ነው» ካለ አልተማረም ማለቱ እንጂ ማመስገኑ አይደለም። ወታደሩ ሰይፍ እንጂ ብራና ስለማያውቅ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ትርጉም የዘር ነው። «የጨዋ ልጅ» ሲባል ከባሪያ ወይም ከቀጥቃጭ ወገን ያልተወለደ ማለት ነበር። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሽሯል፤ ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ አጥንት መቁጠሩ ግን አልቀረም። እኔም ብረት ላይ የምሠራ መሐንዲስ ነኝና፣ በድሮው ሚዛን ጨዋ የምባል አይመስለኝም።

ቃል መለወጡ በእኛ አልተጀመረም። ስኔልም በጥንት ዘመን ፈጣንና ደፋር ማለት ነበር፤ ጀርመኖች ዛሬም «ሽኔል» የሚሉት ፈጣኑን ነው። ልዩነቱ፣ ስዊድኖች የድሮውን ትርጉም ጥለውታል፤ እኛ ግን ሁሉንም ተሸክመን እንዞራለን። ልጃችን ዝም ስትል «ጨዋ» እንላታለን፤ በማኅበር ስብሰባ ሒሳብ የሚጠይቀውን ሰው «ጨዋነት የጎደለው» እንለዋለን። እንዲህ ሲሆን ቃሉ ጠባይን መግለጹ ቀርቶ አፍ ማስያዣ ይሆናል።

ስለዚህ ለልጄ የነገርኳት ይህን ነው፦ ጨዋ ማለት ጉልበት እያለው ሰውን የማያዋርድ ነው፤ ዝም የሚል ማለት አይደለም። እሷም «እንግዲያውስ አያቴን ንገራት» አለችኝ። እስካሁን አልነገርኳትም።