የወጣቶች አኦርታ ጤናማ ስፋትና የመለጠጥ ዐቅም፤ እንዴት ይለካል? እንዴትስ ይተረጐማል?

አኦርታ (ዐቢይ ደም ቅዳ) ደም የሚያስተላልፍ ቧንቧ ብቻ አይደለም። ልብ በተኮማተረች ቁጥር ይለጠጣል፤ ስታርፍ ደግሞ ተመልሶ እየተሰበሰበ ደሙን ወደ ፊት ይገፋል። ይህን የሚያስችለው በግድግዳው ውስጥ የሚገኘው ኤላስቲን የተባለ ፕሮቲን ነው። ዕድሜ ሲገፋና የደም ግፊት ሲጨምር ኤላስቲን ይሰባበራል፤ ኮላጅን ይበዛል፤ ግድግዳውም ይደነድናል። ስለዚህ በወጣትነት የሚገኘው ልኬት የኋለኛው ለውጥ የሚመዘንበት መነሻ ነው።

ስፋቱን መለካት

በልብ አልትራሳውንድ (ኢኮካርዲዮግራፊ) አኦርታ በአራት ቦታዎች ይለካል፤ እነርሱም የቫልቩ ቀለበት፣ ከቫልቩ በላይ ያለው ሰፊ ክፍል (ሳይነስ ኦፍ ቫልሳልቫ)፣ ይህ ክፍል ከቱቦው የሚገናኝበት ስፍራና ወደ ላይ የሚወጣው ክፍል ናቸው። በአዋቂዎች ከቀለበቱ በላይ ያሉት ቦታዎች በአብዛኛው የሚለኩት በልብ ዕረፍት ማብቂያ ከፊት ጠርዝ እስከ ፊት ጠርዝ ነው፤ በሕፃናት ግን ልብ በምትኮማተርበት ጊዜ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ ነው። የልኬቱ ዘዴ በሪፖርቱ ካልተጻፈ፣ በዘዴ ለውጥ የመጣ ልዩነት የበሽታ ለውጥ ሊመስል ይችላል።

ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ቁመቱ 165 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 50 ኪሎ ግራም የሆነ ወጣት የአካል ገጽታ ስፋቱ 1.5 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ለግዙፍ ሰው ጤናማ የሆነ ስፋት ለእርሱ ከልክ ያለፈ ሊሆን ይችላል። በዚህም ምክንያት ልኬቱ በዚ ስኮር ይገለጻል፤ ከ2 በላይ የሆነ እንደ ሰፋ ይቆጠራል።

የመለጠጥ ዐቅም

ለምሳሌ የአኦርታው ወርድ በልብ ዕረፍት 24፣ በመኮማተር ጊዜ 28 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የውስጥ ስፋቱ ከ452 ወደ 616 ካሬ ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ጭማሪው 36 በመቶ ነው። የደም ግፊቱ 110 በ70 ከሆነ፣ 0.36 ለ40 ሲካፈል 0.009 በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። ግፊቱ በምስሉ ሰዓት ካልተለካ ስሌቱ ዋጋ የለውም። ኤምአርአይ ደግሞ የምት ሞገድ ፍጥነትንም ያሳያል፤ ሞገዱ በፈጠነ መጠን ግድግዳው የደነደነ ነው።

በደጋ ለሚሠራ ባለሙያ

እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢን መጠን ከአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች በተለየ ሁኔታ ከቆላ ነዋሪዎች ጋር የተቀራረበ መሆኑን አሳይቷል። ከዚህ የምንማረው ከሌላ ሕዝብ የተወሰደ ሠንጠረዥ ለላስታና ለዋድላ ደጋ ወጣት በጥንቃቄ መነበብ እንዳለበት ነው።

በኮን የሚሠራ ባለሙያ የምስል መሣሪያ ባይኖረውም ሥራው ቀላል አይደለም። ረጅምና ቀጭን የሆነ፣ ጣቶቹ የረዘሙ ወይም በቤተሰቡ ድንገተኛ ሞት ያለበት ወጣት ሲመጣ የማርፋን ሕመም ይታሰብ። የክንዱ ግፊት ከፍ ብሎ የብሽሽቱ ምት የደከመ ከሆነ የአኦርታ መጥበብ ይጠርጠር። ታካሚው ካረፈ በኋላ ግፊቱ፣ ቁመቱና ክብደቱ ተለክቶ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ የምስሉ ትርጉም በእነዚህ ቁጥሮች ላይ የቆመ ነውና።