ከመቶ ዘጠና አንድ ላይ መብራት ሄደ!

ኢንተርኔት ቤት ተቀምጣችሁ እጃችሁን ራሳችሁ ላይ ጭናችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጭኛለሁ። በ2002 ዓ.ም. ነው፤ እዚሁ ዘነበወርቅ፣ ከአለርት ሆስፒታል ብዙም ሳይርቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሟቹ አባታችን የሚታይበት አንድ የሠርግ ካሴት ብቻ ነበር የቀረን፤ እሱም አሜሪካ ወንድሜ ዘንድ ነው። ወንድሜ ወደ ኮምፒዩተር ገለበጠውና በኤፍቲፒ እንዳወርደው አድራሻና የይለፍ ቃል ላከልኝ። 80 ሜጋባይት! እማዬ ማታ ማታ «አባትህ መጣ ወይ?» ትለኛለች።

የመጀመሪያ ቀን ግማሽ ቀን ፈጅቶ ወረደ፤ ቪዲዮው ግን አልከፈት አለ። የቤቱ ተቆጣጣሪ ልጅ አየና ሳቀ። «ወንድሜ፣ በጽሑፍ መልክ ነው ያወረድከው። ባይነሪ በለው።» ለካ በጽሑፍ መልክ ሲወርድ የመስመር መጨረሻ መስሎት ፋይሉን እየነካካ ያበላሸዋል።

በማግስቱ ባይነሪ አልኩት። 91 ሲደርስ መብራት ድርግም! ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

«ከዜሮ ማን ጀምር አለህ?» አለኝ ልጁ። ኤፍቲፒን እንደ መርካቶ አስቡት፤ ከነጋዴው ጋር የሚነጋገረው ሌላ፣ ዕቃውን የሚሸከመው ኩሊ ሌላ። ትዕዛዙ በር ቁጥር 21 በሚሉት መስመር ይሄዳል፤ ፋይሉ ለብቻው በሌላ መስመር ይመጣል። ስለዚህ መብራት ሲመጣ ፕሮግራሙ «እስከዚህ ባይት ደርሶኛል፣ ከዚያ ቀጥል» ብሎ ያዛል። የወረደው ቁራጭ ዲስኩ ላይ ካለና ወዲያኛው ኮምፒዩተር ከፈቀደ ይቀጥላል። ቀጠለም!

ይህን ሥርዓት መጀመሪያ የነደፈው አብሃይ ቡሻን የሚባል ሕንዳዊ የኤምአይቲ ተማሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971። እኛ አገር ኢንተርኔት የገባው በ1989 ዓ.ም. ነውና ዕድሜው ከእኛ ኢንተርኔት በብዙ ይበልጣል። እርጅናው ግን ጣጣ አለው፤ የይለፍ ቃላችሁን ሳይሸፍን ነው የሚልከው። በዚያው መረብ ላይ ያለ ክፉ ሰው እንደ ፖስት ካርድ ያነበዋል። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ወንድሜን በዚያው ምሽት አስቀየርኩት። ክሮምና ፋየርፎክስም እ.ኤ.አ. በ2021 ኤፍቲፒን ከውስጣቸው አውጥተውታል። ዛሬ የምትልኩት ምስጢር ካለ ኤስኤፍቲፒ በሚባለው፣ በተሸፈነው መንገድ ይሁን።

ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ሮጥኩ። እማዬ ጎረቤት ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጠች። አባዬ ሙሽራዋን ሲስም ዝም ብላ አየችና «ያንን ኮት ለማን ሰጠነው?» አለች።