«ወተቴ አልመጣም»

አራስ ክፍል ገብታችሁ ግማሽ ሰዓት ብትቀመጡ ይህን ቃል ሳትሰሙ አትወጡም። አራሷ ትለዋለች፣ አማቷ ትቀበላታለች፣ ባልየው ወደ ፋርማሲ ይሮጣል። ሲመለስ የዱቄት ወተትና ጡጦ ይዟል።

እኔም ብዬዋለሁ። የመጀመሪያ ልጄ በኦፕራሲዮን የተወለደ ቀን፣ ፊቱን በቅጡ ሳላየው ወደ ሌላ ክፍል ወሰዱት። ሲያመጡልኝ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር፤ በጡጦ ጠጥቶ፣ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዶታል። «ጠግቧል፣ አንቺ እረፊ» አሉኝ። አዝነውልኝ ነው፤ ክፋት አልነበረባቸውም። ጡቴን አፉ ላይ ባደርግለት ግን አልነቃልኝም።

ለዚህ መፍትሔው ከተጻፈ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1989 ለማዋለጃ ክፍሎች አሥር እርምጃዎችን አወጡ፤ በ1991 ደግሞ እነዚህን የሚፈጽም ሆስፒታል «ለሕፃናት ምቹ» ተብሎ እውቅና የሚያገኝበትን አሠራር ጀመሩ። ዋና ዋናዎቹ ቀላል ናቸው፦ ልጁ እንደተወለደ እናቱ ገላ ላይ ይተኛ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጥባ፣ ቀንም ሌሊትም ከእሷ አይለይ፣ ሐኪም ለሕክምና ካላዘዘ በቀር ከጡት ሌላ አይቅመስ።

ከዚያም በፊት ቢሆን የሠራችበት አለች። በፊሊፒንስ ባጊዮ ከተማ የሕፃናት ሐኪሟ ናቲቪዳድ ክላቫኖ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በምትሠራበት ሆስፒታል የዱቄት ወተቱን ከማዋለጃው አስወጣች፣ ሕፃናቱንም ለብቻ ከሚቆዩበት ክፍል አውጥታ ከእናቶቻቸው ጎን አስተኛች። ሆስፒታሉ ውስጥ የሚታመሙትም የሚሞቱትም ሕፃናት ቁጥር እጅግ ቀነሰ። የተለወጠው የአልጋው ቦታና የሠራተኛው ልማድ ነው።

ከሁሉ በላይ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የእንገር ነገር ነው። ገጠር ያለው አጎቴ ላሙ ስትወልድ ጥጃው እንገሩን ሳይጠባ ከበረት አይወጣም። የሰው እንገር ሲሆን ግን እዚያው ቤት «ዘጠኝ ወር የተቋጠረ ነው፣ ሆድ ይቆርጣል» ተብሎ ይታለብና ይደፋል፤ ሕፃኑም ቅቤ ይልሳል፣ የስኳር ውሃ ይጋታል። ከተሜው ደግሞ አይደፋውም፤ መኖሩን ጭራሽ አያውቅም። ወተት ማለት ነጭና የሚፈስ ነገር ስለሚመስለው፣ ጡት ላይ ያለችውን ቢጫ ጠብታ ከቁም ነገር አይቆጥራትም።

እንገር የሚዘጋጀው እናቲቱ ገና በእርግዝናዋ አጋማሽ ላይ ሳለች ነው። ልጁ ሲወለድ አለ። ነጩ ወተት ነው የሚዘገየው፤ የእንግዴ ልጅ ከወጣ በኋላ በሰውነቷ ያለው የእርግዝና ሆርሞን ሲቀንስ፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ይሞላል። እስከዚያ ልጁ በአንድ ጊዜ የሚያገኘው አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው፤ የዕለት ተወላጅ ጨጓራም ከዚያ ብዙ አይፈልግም። ቢጫነቱ ቆሻሻ ሆኖ አይደለም፤ ለካሮት ቀለሙን የሚሰጠው፣ ቫይታሚን ኤ የሚገኝበት ነገር እዚህም ስላለ ነው። አንጀቱን ከተዋሲያን የሚጠብቅ የመከላከያ ንጥረ ነገር ሞልቶበታል፤ የመጀመሪያውን ጥቁር ዓይነ ምድር ቶሎ እንዲያወጣም ይረዳዋል።

ጡጦው ጣልቃ ሲገባ የሚሆነውን ደግሞ ልብ በሉ። ልጁ ይጠግባል፣ ይተኛል፣ አይጠባም። ጡት ወተት የሚሠራው ሲጠባ ስለሆነ ሥራውን ያዘገያል። «ወተቴ አልመጣም» ያለችው እናት በሦስተኛው ቀን እውነቷን ሆነ ማለት ነው። ጠያቂዎች እባካችሁ ተዉ፤ አጥሚቱንና ገንፎውን አምጡ፣ የዱቄት ወተቱን ቆርቆሮ ግን አራስ ራስጌ አታስቀምጡ። አዋላጆችም «ጡትሽ ትንሽ ነው» አትበሉ፤ የጡት መጠንና የወተት ብዛት አይገናኙም።

አገራችን ውስጥ በጤና ተቋም የሚወለዱት ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 26 ከመቶ ነበሩ፤ በ2019 48 ከመቶ ደርሰው ነበር። ስድስት ወር ያልሞላቸውና የእናት ጡት ብቻ የሚጠቡት ግን በ2016 58 ከመቶ፣ በ2019 59 ከመቶ ነበሩ። እናቶችን ወደ ተቋሙ ማምጣቱ ብዙ ተሻሽሏል። ከመጡ በኋላ አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብሎ ልጁ አፉን በሰፊው ከፍቶ ጡቱን መያዙን የሚያይላቸው ሰው ግን ያስፈልጋቸዋል። ይህን ሥራ ለአዋላጅ ነርስ በትርፍ ጊዜዋ የምትሠራው አድርጎ መተው አይገባም፤ የሥራ ፈረቃዋ ውስጥ ተቆጥሮ ሊሰጣት ይገባል።

ሁለተኛዋን ልጄንም የወለድኩት በኦፕራሲዮን ነው፣ ሌላ ቦታ። ገና እግሬ ሳይንቀሳቀስ ልጄን ደረቴ ላይ አስተኙልኝ። ከልማድ «ወተቴ እኮ አልመጣም» አልኩ። አዋላጇ እጇን ታጥባ መጣችና ከጡቴ ጥቁር ክብ ራቅ ብላ በሁለት ጣቷ ወደ ኋላ ጫን፣ ወደ ፊት ጨመቅ አደረገችው። ቢጫ ጠብታ ወጣች፤ ወፈር ያለች፣ እንደ ማር የምትሳብ። በጣቷ ተቀብላ አሳየችኝ።

«ይኸውልሽ የኔ እናት፣ ከአምስተኛው ወር ጀምሮ እዚሁ ነበር።»

የቀረውን ከቡና ሲኒ በማትበልጥ ንጹሕ ኩባያ አለበችው። ኩባያዋን ከታችኛው ከንፈሯ አስጠግታ ዘንበል ስታደርግላት፣ ልጄ ዓይኗን ሳትገልጥ ምላሷን አውጥታ ላሰችው።