ስኳር ካለባችሁ፣ ዓይናችሁ ደህና ቢያይም አስመርምሩ

«ዶክተር፣ እኔ እኮ በደንብ አያለሁ፤ ለምን ዓይን ሐኪም ጋ ይልኩኛል?» ስኳር ያለባቸው ታካሚዎቼ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ነው።

ስኳር ከዓይናችን በስተኋላ ያለውን ሬቲና የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ስሮች ሲጎዳ መጀመሪያ ላይ አያምም፤ እይታም ላይቀንስ ይችላል። ብዥ ማለት ሲጀምር ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ቆይቷል።

ይህን ቀድሞ የሚያሳይ ኦሲቲ የሚባል መሣሪያ አለ። አልትራሳውንድ በድምፅ እንደሚያነሳው፣ ኦሲቲ በብርሃን የሬቲናን ንብርብሮች ያነሳል። የ1 ሚሊ ሜትር መቶኛ የምታክል ለውጥ እንኳ ይለያል፤ ከደም ስር ሾልኮ ሬቲናው ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽም ይታይበታል። አገጫችሁን አስደግፋችሁ ጥቂት ደቂቃ መቀመጥ ብቻ ነው። ዓይናችሁን አይነካም፣ እንደ ራጅም ጨረር የለውም።

ሁሉም ሰው ግን ኦሲቲ ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። ቀዳሚው ነገር በጠብታ ብሌናችሁ ተከፍቶ ሬቲናችሁ መታየቱ ነው፤ ካስፈለገ ሐኪሙ ኦሲቲ ያዛል።

መቼ እንመርመር?
• ዓይነት 2 ስኳር፦ በሽታው እንደታወቀ ወዲያው
• ዓይነት 1 ስኳር፦ ከጀመረ በ5 ዓመት ውስጥ
• ከዚያ በኋላ፦ ሐኪሙ ሌላ ቀጠሮ ካልሰጣችሁ በየዓመቱ

በጊዜ ከተደረሰበት ስኳርን በመቆጣጠር፣ በሌዘር ወይም በዓይን መርፌ እይታን ማትረፍ ይቻላል። የጠፋውን መመለስ ግን ከባድ ነው።

ቤት ውስጥ ስኳር ያለባቸው እናት ወይም አባት ካሏችሁ፣ ዛሬውኑ «ዓይንሽን መቼ ታየሽ? ዓይንህን መቼ ታየህ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።