አንድ ፋይል፣ ሁለት መንገድ

ገርጂ ያለ አንድ ቢሮ የሒሳብ መዝገቡን ሰርቨር ላይ አኑሮ በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ቢጋራው፣ ፋይሉን የሚያመላልሰው ኤንኤፍኤስ ሊሆን ይችላል። ይህን ሥርዓት ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1984 ሠርቶታል። ፕሮግራም ፋይል የሚደርስበት መንገድ ሁለት ነው። በተለመደው መንገድ ኮምፒውተሩ ቅጂውን ሜሞሪው ላይ ይይዛል፤ በተለይ ዳታቤዞች በሚመርጡት ቀጥተኛ መንገድ ግን ጽሑፉ ሜሞሪውን አልፎ ሰርቨሩ ጋ ይደርሳል። ችግሩ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ይመጣል። አንዱ ፕሮግራም አዲሱን ቁጥር በቀጥታ ሲጽፍ ሌላው አሮጌውን ቅጂ ያነባል፤ ይባስ ብሎ ሜሞሪ ላይ የቆየ ጽሑፍ ዘግይቶ ተልኮ አዲሱን ሊደመስስ ይችላል። ማንም ስሕተት አላየም፣ መዝገቡ ግን ተበላሽቷል።

ንባብና ጽሕፈቱን ሁሉ በየተራ ማሰለፍ ቀላል መፍትሔ ነው፤ ፍጥነትን ግን ይገድላል የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሊኑክስ 4.8 የያዘው መፍትሔ የሚያሳምነኝ ለዚህ ነው። ቀጥተኛ ንባብና ጽሕፈት እርስ በርስ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ የሚከለከለው ከተለመደው መንገድ ጋር መደባለቅ ብቻ ነው። መንገዱ ሲቀየርም ሜሞሪ ላይ የቀረው መጀመሪያ ወደ ሰርቨሩ ይላካል። ጥንቃቄውን ለፕሮግራም ጸሐፊዎች እንተው የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን የመጠባበቂያ ቅጂ የሚወስደው ፕሮግራም ዳታቤዙ ምን እየሠራ እንደሆነ ከየት ያውቃል? ይህ መፍትሔ ግን በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ይሠራል፤ ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ፋይል ሲጽፉ ሰርቨሩ የሚያውቀው የፋይል ቁልፍ አሁንም ያስፈልጋል።