ካዚኖ በሌለበት ቡኢ እጣ ስንት ያወጣል?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በመልካ ቁንጡሬና በጢያ በኩል ወደ ቡታጅራ የሚወርድ ነጋዴ ቡኢ ላይ ቢያድር ሩሌት የሚሽከረከርበት አዳራሽ አያገኝም። የሶዶ ወረዳዋ ከተማ ካዚኖ የላትም። እድሉን መሞከር ያማረው ሰው ምርጫው እንደ ሌላው የአገራችን ከተማ ሎተሪ፣ የእግር ኳስ ውርርድና እቁብ ነው። ሦስቱም በእጣ ስም ይጠሩ እንጂ ሒሳባቸው ለየቅል ነው።

ለማነጻጸሪያ ካዚኖውን ማስቀደም ይበጃል። ባለአንድ ዜሮው ሩሌት ከዜሮው ሌላ 36 ቁጥሮች አሉት። ቀይ ላይ ያስያዘ ሰው ከ37ቱ በ18ቱ ያሸንፋል፣ በ19ኙ ይበላል። የቤቱ ድርሻ 2 ነጥብ 7 በመቶ መሆኑ ነው። ላስ ቬጋስ በተለመደው ባለሁለት ዜሮ ሩሌት ደግሞ 5 ነጥብ 26 ይደርሳል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም 1,000 ብር መቶ ጊዜ ያስያዘ ሰው በባለአንድ ዜሮው እንኳ በአማካይ 2,700 ብር ትቶ ይወጣል።

የኳስ ውርርዱ ከዚህ ይብሳል። እኩል ዕድል ላላቸው ሁለት ውጤቶች 1 ነጥብ 85 የሚከፍል ቤት ከ200 ብር 15 ብር ያስቀራል፤ 7 ነጥብ 5 በመቶ ማለት ነው። እንዲህ ያሉ አሥር ጨዋታዎችን በአንድ ወረቀት ላይ ያሰለፈ ሰው ከ100 ብሩ በአማካይ የሚመለስለት 46 ብር ገደማ ብቻ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ደግሞ ከ1,000 ብር ባላነሰ የእጣ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጣለ። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ አገር የለመደው ብሔራዊ ሎተሪም ቢሆን ከትኬት ሽያጩ ለሽልማት የሚመልሰው ከፊሉን ነው።

እቁብ ላይ ግን ከጥሎሹ የሚቆርጥ ቤት የለም። 20 ሰዎች በሳምንት 5,000 ብር ቢጥሉ 100,000 ብሩ ሳይሸራረፍ ለባለእጣው ይደርሳል። እጣው የሚወስነው ተራውን ብቻ ነው። የመጀመሪያው 95,000 ብር ያለ ወለድ ተበደረ፤ የመጨረሻው ያለ ወለድ ቆጠበ፣ የዋጋ ንረቱንም ተሸከመ።

ቁማሩ ያለው እጣ ሲሸጥ ነው። ዕቃው መንገድ ላይ ያለ፣ ገንዘብ ያጠረው ነጋዴ የሌላውን እጣ በ4,000 ብር ገዛ እንበል። 96,000 ብር በእጁ ገባ፣ የራሱን እጣ ደግሞ ሲወጣ ለሻጩ ያስረክባል። እጣው ከ15 ሳምንት በኋላ ቢወጣ የከፈለው ወለድ በዓመት ሲሰላ 14 ነጥብ 4 በመቶ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ከወጣ ግን 72 በመቶ ይሆናል! ሻጭና ገዢ ሲከራከሩ ይህን ስሌት በወረቀት ላይ የሚያሰፍር ብዙ አይደለም።

ለአንድ ሌሊት ያደረ መንገደኛ በዚህ በር አይገባም። ዳኛው ዋስ ይጠይቀዋል፤ ዋሱም መንገደኛው ቢጠፋ እስከ መጨረሻው እጣ ድረስ ስለ እሱ የሚጥል ሰው መሆን አለበት።